ቀጭኑ ፊደል

"ይሄስ አይሆንም" አለች አርሴማ፣ የሰርግ ካርዱን ናሙና በጣቷ ጫፍ ወደ እመቤት እየመለሰች። "እትዬ እመቤት፣ አትቀየሚኝ እንጂ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።"

እመቤት ካርዱን አንስታ አየችው። የሙሽሪትንና የሙሽራውን ስም በእጇ ጽፋ፣ ወደ ኮምፒውተር አስገብታ፣ ዙሪያውን በሐረግ አስጊጣ ያወጣችው ነው። ፊደሎቿ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዘብ የቆሙ ይመስላሉ። ሙሽሪትም አልዋሸችም። ዋናው መንገድ ላይ ያለውን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ የጻፈችው እመቤት ናት። ሉካንዳውንም፣ ጎሚስታውንም፣ ጸጉር ቤቱንም የጻፈችው እሷው ናት። ሞላሌ ገበያ መሐል ቆሞ ዓይኑን ወደፈለገበት የወረወረ ሰው የእመቤትን እጅ ሳያነብ አይመለስም ነበር።

"ታዲያ የቱን ነው የምትፈልጊው?" አለች፣ መልሱን ከጥያቄው በፊት እያወቀችው።

"ያን ቀጭኑን። ጓሳን ነዋ! ጓደኞቼ ሁሉ በሱ ነው ያሠሩት።"

ጓሳ ለመንዝ ሰው መጀመሪያ ሣር ነው። ደጋው ላይ የሚበቅል፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የሚያሳልፍ ቀጭን ሣር። አሁን ግን የኮምፒውተር ፊደል ስምም ሆኗል። በብዕር ጫፍ ነካ ተደርጎ የተተወ የሚመስል፣ አንዱ ሆሄ ወደ ሌላው ዘንበል የሚል፣ ፀጉር የሚያህል የእጅ ጽሕፈት ነው። ክረምት ላይ በቴሌግራም ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ከመሐል ሜዳ እስከ ዘመሮ የሰርግ ካርዱ፣ የክርስትና ጥሪው፣ የተመራቂ ፎቶው፣ የማር ማሰሮ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሳይቀር በጓሳ ተጻፈ።

የሠራችው ደግሞ ገሊላ ናት። ደብረ ብርሃን የምትኖረው ገሊላ አፈወርቅ፣ የእመቤት ታናሽ እህት።

"መቼም ታድለሻል እትዬ" አለች አርሴማ። "እህትሽ እኮ እጇ ወርቅ ነው!"

"አዎ" አለች እመቤት። "ወርቅ ነው።"

ካርዱን በጓሳ አወጣችላት። በእጅ ስትጽፈው ግማሽ ቀን የፈጀባት ሥራ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የባሰው ደግሞ አምሮ መገኘቱ ነው። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ እንዴት በወደደች! አርሴማ ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ "እልል" ልትል ምንም አልቀራትም።

እንግዲህ ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ እመቤት ቀንታለች። ሩቅ ሰው ላይ የመጣ ቅናት ውሎ አድሮ ይበርዳል። በአንድ ቤት ባደጉት ላይ ሲሆን ግን አብሮ እየበላ፣ አብሮ እየተኛ ይከርማል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ለአገሩ የአይሱዙ ሾፌሮች በየመኪናቸው ግንባር ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብላ የጻፈችላቸው ራሷ እመቤት ናት። የሰው ምቀኛ ስትጽፍ ኖራ የገዛ እህቷ ምቀኛ ሆና ቁጭ አለች።

ሥሩ ሩቅ ነው። አባታቸው መሪጌታ አፈወርቅ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ሴት ልጅ ብርዕ ትያዝ አትያዝ ሳይሉ ሁለቱንም ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩ። የትልቋን ጽሕፈት ሲያዩ "ይነበባል" ይላሉ። የታናሿን ሲያዩ ግን የያዙትን ብርዕ ያስቀምጡና "የዚች ልጅ እጅ ይተነፍሳል" ይላሉ። እመቤት ይህን ስትሰማ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆናም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ይነበባል! የመድኃኒት ብልቃጥም ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ለሁለቱም እኩል አስተምረዋል። ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ግርጌው ላይ ስሙን ያኖራል፤ ያነበበ እንዲጸልይለት፣ ያጠፋው ካለም በሱ እንዲቆጠር። "ስሙን ያልጻፈ ጸሐፊ" ይሉ ነበር መሪጌታ፣ "ወይ ትሑት ነው ወይ ተንኮለኛ።" እመቤት ይህንን ትምህርት ወደ ንግድ አዙራዋለች። ከእጇ በሚወጣ ሥራ ሁሉ ግርጌ ላይ "እመቤት ማስታወቂያ" የሚል ስምና የስልክ ቁጥሯ አለ። አንድ ጊዜ የእድሩን የሬሳ ሣጥን መሸፈኛ ጽፋ የስልክ ቁጥሯን ጥጉ ላይ ጣል ስላደረገች፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር።

አርሴማ ከሄደች በኋላ አቶ ይሥሐቅ መጡ። የኪዳነ ምሕረት ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀመጡ።

"እመቤት፣ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን አለቀ፤ ቅዳሴ ቤቱም ደረሰ። ባነር እንፈልጋለን። ከመኪና መንገዱ መታጠፊያው ላይ፣ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚወጠር። ከአዲስ አበባም ከዓለም ከተማም እንግዳ አለን፤ አዲሱን መንገድ ስለማያውቁት መታጠፊያውን እንዳያልፉት ነው።"

"ጽሑፉስ?"

"ቃሉን የሰጡን አባትሽ ናቸው።" በቃላቸው ይዘውት ነበርና እጃቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ አወረዱት። "'እንኳን ለኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ቤት አደረሳችሁ። የራቃችሁ ቅረቡ፤ የደከማችሁ ዕረፉ፤ ደጇ ክፍት ነው።' ፊደሉ ደግሞ የገሊላ ይሁን ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"መሪጌታ ናቸዋ! 'ልጄ ያወጣችውን ፊደል ደጃችን ላይ ሳላየው እንዳልሞት' አሉ። እኛም ደስ አለን። በነጭ ላይ፣ በወርቃማ ቀለም ይሁንልን።"

እመቤት ልትናገር አፏን ከፈተች። ከሩቅ የሚነበብ ፊደል አጥንት ያስፈልገዋል። ጓሳ ጌጥነቱ በእጅ ሲያዝ ነው፤ ካርድ ላይ፣ ስጦታ ላይ፣ ከዓይን ስንዝር ርቆ። ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያውም በነጭ ላይ ወርቃማ ከተቀባ፣ ከመንገድ የሚታየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን እመቤት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነው። ደግሞም የአባቷ ዓይን ላይ ሞራ ከወጣ ቆይቷል። ወፍራሙንም የሚያዩት በመከራ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ አፏን መልሳ ዘጋች።

"እሺ" አለች። "እንደተባለው አደርገዋለሁ።"

ክፋት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። ያዘዙት እነሱ፣ የመረጡት አባቷ፣ ፊደሉ የገሊላ። እሷ ምን አለችበት? ይሰቀልና ይዩት። ለአንዲት ቀን እንኳ ያ ትንፋሽ የሚባለው ነገር ትንፋሽ አጥሮት ይታይ።

ከሰዓት በኋላ ገሊላ ደወለች።

"እትዬ፣ ባነሩ በጓሳ ይሁን ብለዋል አሉ። እውነት ነው?"

"አዎ። አባዬ ናቸው ያሉት።"

"እኔ እኮ ለካርድ ብዬ ነው የሠራሁት። ዛፍ ላይ ሲወጣ አይሳሳም? ከሩቅ የሚነበበውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ካልሆነ በራስሽ ጽሕፈት አድርጊው፤ አባዬን እኔ አስረዳቸዋለሁ።"

በራስሽ ጽሕፈት አድርጊው! ገሊላ በቅንነት ነው ያለችው፤ ለእመቤት ግን ምጽዋት መሰላት። የገዛ ሥራዋን፣ በገዛ አገሯ፣ ታናሿ ፈቀደችላት።

"ምን ሆነሽ ነው? አይቼዋለሁ። ያምራል" አለች።

"እውነትሽን ነው?"

"ያምራል አልኩሽ።"

"አንቺ ካልሽማ አለቀ!" የገሊላ ድምፅ ፈካ። "በዋዜማው እመጣለሁ። አባዬን ሳሚልኝ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እመቤት ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሳ ሥራዋን ቀጠለች። ባለቤቷ አባይነህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ እንደያዘ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ወደ ስክሪኑ አየ።

"ዛፍ ላይ የሚወጣው ይሄ ነው?"

"ምነው?"

"ከበሩ ላይ እንኳ አላነበብኩትም።"

"መነጽርህን አስለውጥ።"

"እመቤት" አለ አባይነህ፣ ገባ ብሎ። "ለሰዎቹ ንገሪያቸው እንጂ።"

"እንዲህ አድርጊ አሉኝ፣ እንዲህ አደረግኩ። ለገሊላ ፊደል እኔ ምን አገባኝ?"

"ያገባሻል። ነገ ሰው ሲስቅ የሚስቀው በማን ነው? በመሪጌታ አፈወርቅ ቤት አይደለም? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።"

እሱ ወደ ጓዳ ሲገባ አንድ ነገር አደረገች። ሥራ በከፈተች ቁጥር ግርጌው ላይ የሚጠብቃትን ስሟንና የስልክ ቁጥሯን መርጣ አጠፋችው። ከዚያ ባነር ወደሚታተምበት ወደ ደብረ ብርሃን ላከችው።

በዋዜማው ዕለት ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍስ ነበር። መንዝ ውስጥ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ባሕር ዛፎቹን እያጎነበሰ ያስፎክራቸው ነበር። አቶ ይሥሐቅና ሰዎቻቸው መሰላል ይዘው መታጠፊያው ላይ ቆመዋል። ባነሩ ተፈታ፤ በአንዱ ዛፍ ታሰረ፤ በሌላኛውም ተወጠረ። ከመንገዱ ማዶ የቆመው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጠበቀ።

ነጭ ነበር።

"ጽሑፉ በጀርባው ነው መሰል" አለ አንዱ።

"ገና ይጻፍበታላ" አለች አንዲት ሴትዮ።

"ኧረ ማነው አንሶላውን እዚህ ያሰጣው?" አለ ሌላው፣ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

ቀረብ ብሎ፣ ከሥሩ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ላየ ሰው የሆነ ወርቃማ ነገር ይንቀሳቀሳል። ነፋሱ ጨርቁን ባራገበው ቁጥር ደግሞ ያውም ይጠፋል። ሰዉ እየሳቀ ሳለ ከደብረ ብርሃን የመጣ አውቶቡስ እንግዶቹን እንደጫነ መታጠፊያውን አልፎት ሄደ። እየጮሁ፣ እያፏጩ ቁልቁለቱ ጋ አስቆሙት። መጀመሪያ የወረደችው ገሊላ ነበረች፤ ሻንጣዋን እየጎተተች ዳገቱን ወጣች።

ባነሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም።

"ይሄ ነው ያ ሁሉ የተወራለት ፊደል?" አለ ከመሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ማን እንደቆመች ሳያውቅ።

እመቤት ከመንገዱ ማዶ ሆና ይህን ሁሉ አየች። እውነቱ ይነገር፤ ደስ አላት። ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ሞቅ አላት። ይኸው፣ አለች በሆዷ፣ ይኸው ወርቁ እጅ።

ደስታው ግን አባቷ እስኪመጡ ድረስ ነው የቆየው። መሪጌታ አፈወርቅ በመቋሚያቸው መሬቱን እየፈተሹ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳሳመሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብቅ አሉ። ሳቁ ቆመ።

"ተሰቀለ?" አሉ።

"ተሰቅሏል መሪጌታ" አሉ አቶ ይሥሐቅ። "ብቻ..."

"እስቲ አቁሙኝ።"

ከሥሩ አቆሟቸው። ሞራ በለበሰው ዓይናቸው ወደ ነጩ ጨርቅ ቀና አሉ። ከዚያ እንደ ማኅሌት ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሳይደናቀፉ፣ ሳያቋርጡ አወረዱት፦

"እንኳን ለኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ቤት አደረሳችሁ። የራቃችሁ ቅረቡ፤ የደከማችሁ ዕረፉ፤ ደጇ ክፍት ነው።" ፈገግ አሉ። "ግሩም ነው። ይተነፍሳል።"

ቃሉን ራሳቸው እንደሰጡት ኮሚቴው በሙሉ ያውቃል። ባነሩ ላይ ምንም እንደማይታይም ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል።

የእመቤት ሙቀት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሳያዩትም ይተነፍሳል! ለገሊላ ባዶ ጨርቅ አነበቡላት። እመቤት ገበያውን ሙሉ በፊደል ስትሞላው ግን አንድ ቀን ቆም ብለው አላነበቡላትም። ይህን ያህል ቀን ያሰበችበት ተንኮል ያስገኘላት ነገር ቢኖር፣ አባቷ ገሊላን ምን ያህል እንደሚወዷት በአደባባይ ማየት ብቻ ሆነ።

ገሊላ ሻንጣዋን ትታ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

"እትዬ፣ ስልክሽ የታለ?" አለች ቀስ ብላ።

"የምን ስልክ?"

"ግርጌው ላይ። በዚያ በወፍራሙ ፊደልሽ ቢጻፍ ከዚህ ይታየኝ ነበር። የሬሳ ሣጥን መሸፈኛ ላይ እንኳ ስልክሽን ጽፈሻል እኮ።"

እመቤት ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ኮሚቴው፣ ቀለሙ፣ ማተሚያ ቤቱ።

"ጠይቄሽ ነበር" አለች ገሊላ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች። "በራስሽ አድርጊው ብዬሽ ነበር።"

"ገሊላ..."

"ለአባዬ አልነግራቸውም።"

ብትጮህባት ይቀላት ነበር። ብትሰድባት፣ ሰው ፊት ብታዋርዳት፣ እመቤት የምትመልሰው አታጣም። ይቅርታውን ግን ምን ታድርገው? በእጅ ጽሕፈት በለጠችኝ፣ በአባት በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በደግነትም ልትበልጠኝ ነው? ይሄኛውን እመቤት መሸከም አልቻለችም። መንገዱን ተሻግራ ወደ መሰላሉ ሮጠች።

"አውርዱት!" አለች። "ባነሩን አውርዱት አልኳችሁ! ሰንበቴ ቤቱ ወለል ላይ ዘርጉልኝ።"

ወደ ሱቋ ሄዳ ዘይት ቀለምና ብሩሾቿን ይዛ ተመለሰች። ኮምፒውተር ከመግዛቷ በፊት ቆርቆሮ ላይ ትጽፍባቸው የነበሩ ብሩሾች ናቸው። ለሌላው ጽሑፍ ጥቁር ቡናማ፣ ለኪዳነ ምሕረት ስም ቀይ። ቅዱስ ስም በቀይ ይጻፋል፤ ይህንንም ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። ወለሉ ላይ ተንበረከከችና በእህቷ ቀጭን መስመር ላይ ወፍራሙን ብሩሽ አሳረፈች። ገሊላ ሳትጠራ መጥታ፣ ከፊት ለፊቷ ተንበርክካ ጨርቁን ወጠረችላት።

እመቤት መጀመሪያ ያሰበችው ፊደሎቹን እንደ ልማዷ ቀጥ አድርጋ ልታቆማቸው ነበር። ሁለቱን እንዳቆመች ቀሪው ቃል ተሰበረ። አንዱ ሆሄ ወደ ሌላው ካልተደገፈ መሐሉ ክፍት ይሆናል። ጥርሷን ነክሳ እንደ ገሊላ ዘንበል አደረገችው፤ መጣ። ቀጣዩንም ዘንበል አደረገችው። ብሩሹ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ይሄድ ጀመር። ያምራል። ለገሊላ በስልክ እንዲሁ ያለቻትን ቃል አሁን ለራሷ አለችው፣ እየመረራት።

"የሆሄውን አንገት አታወፍሪው፤ ይታፈናል" አለች ገሊላ።

"አንቺ ዝም በይና ወጥሪ።"

ትንሽ ቆይታ አንገቱን አሳሳችው። ገሊላ አየች።

ባነሩ ተመልሶ ሲሰቀል ፀሐይዋ ወደ ገደሉ አዘንብላ ነበር። ለዋዜማው ደወል ሲደወል ከመኪና መንገዱ የሚወጣው ሰው ቀና እያለ፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ያልፋል። ከሩቅ የመጣ ሚኒባስ ፍሬን ያዘና ሳይጠይቅ ታጠፈ። አቶ ይሥሐቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጨበጨቡ።

መሪጌታ አፈወርቅ ጭብጨባውን ሰምተው ከደጀ ሰላሙ ወጡ። እንደ ቅድሙ ከሥሩ ቆሙ። ቀና አሉ። የአሁኑ ንባብ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"እን...ኳን" አሉ። ቆሙ። አንገታቸውን አዘነበሉ። "ለኪ...ዳነ... ምሕረት።" ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ አንዱን ሆሄ ጨብጠው ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ እየተሳሳቱና እየተመለሱ እስከ መጨረሻው ወረዱ። ያን ጊዜ፣ ቅድም አለማንበባቸውን ያልተረዳ ሰው እዚያ አልነበረም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"አሁን ይነበባል" አሉ።

ያው የድሮው ቃል ነው። እመቤት ግን እንዲህ ሲሉት ሰምታቸው አታውቅም።

"እመቤት ናት ያዳነችን!" አሉ አቶ ይሥሐቅ። "እሷ ባትኖር ኖሮ እኮ እንግዳው ሁሉ አልፎን ነበር!"

"የታለች?" መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። እመቤት ቀረበች። ቀለም የነካውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እጅሽ ይባረክ ልጄ። ይህን እጅ ክፉ አይንካው።"

ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ የጠበቀችው ይህ ነበር፤ አሁን መጣ፣ ያውም በሰው ፊት። ገሊላ ግን የቀዩን ቀለም ቆርቆሮ ይዛ ጎን ቆማለች። መሬት መሬት ታያለች።

"ግርጌው ላይ ማን ተብሏል?" አሉ መሪጌታ። "እሱን ዓይኔ አልያዘልኝም።"

"የለም፤ የማንም ስም የለም" አሉ አቶ ይሥሐቅ። "ስትልከውም አልነበረበትም።"

መሪጌታ የልጃቸውን እጅ አልለቀቁም።

"የእመቤት ሥራ ስም የለበትም?" አሉ። "ስሙን ያልጻፈ ጸሐፊ ምንድን ነው የምለው?"

"ወይ ትሑት ነው ወይ ተንኮለኛ" አለች እመቤት።

"አንቺስ የትኛዋ ነሽ?"

"ረስታው ነው አባዬ" አለች ገሊላ ፈጠን ብላ። "ሥራ በዝቶባት..."

"ትሑትስ አይደለሁም፣ አባዬ" አለች እመቤት።

አቶ ይሥሐቅ ነገሩ አልገባቸውም፤ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። መሪጌታ ግን የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ገሊላ አዞሩ፤ መልሰው ወደ እመቤት። ምርቃቱን ይመልሱት ይሆን ብላ እመቤት ጠበቀች። አልመለሱትም። እጇን ቀስ ብለው ለቀቁትና በመቋሚያቸው መሰላሉን መታ መታ አደረጉት።

"እንግዲያው ውጪና ጻፊ" አሉ።

እመቤት ወጣች። ገሊላ ከታች ሆና ብሩሹን ቀለም ነክራ አቀበለቻት።

"በጓሳ ብትጽፊው ያምራል" አለች፣ በግማሽ ፈገግታ።

"አይሆንም። የኔ ከሩቅ መነበብ አለበት።"

በቀጥ ያለው፣ በወፍራሙ፣ በመድኃኒት ቤቱ ፊደል ስሟን ጻፈች፦ እመቤት አፈወርቅ። ከመንገዱ ማዶ የቆሙት አነበቡት። ብሩሹን ጠርጋ ልትወርድ አንድ እግሯን ወደ ታች ሰደደች።

"እመቤት፣ ስልክሽ!" አሉ አቶ ይሥሐቅ። "ስልክሽን ረሳሽው!"

"አልረሳሁትም" አለችና ወረደች።